«ሲስተም የለም»

ስለ ኢንፎርማቲክስና ስለ ሥራ አመራር ምህንድስና የጣምራ ትምህርት የቀረበ ሙግት

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ተማሪ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! አይኖርም። ቃሏ ከአማርኛችን ጋር ተዋሕዳ እንደ «እግዜር ይስጥልኝ» የዕለት ንግግር ሆናለች። ባንክ ስትሄድ ሲስተም የለም፤ ወረዳ ስትሄድ ሲስተም የለም፤ ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሬጅስትራር ደጃፍ ስትሰለፍ ሲስተም የለም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነንና ቃል ሲደጋገም ዝም ብለን አናልፍም። ይህች ቃል ምን ማለት ናት? ከየት መጣች? መድኃኒቷስ ከየትኛው ፋኩልቲ ይገኛል? የዛሬው ሙግቴ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ያየሁትን ልናገር። በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ስም ተዉት፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት አይደለምና። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኮምፒዩተሩም በራ፤ መሥመሩ ግን አልተመለሰም። የካርድ ክፍሉ ልጅ አንገቱን በመስኮቱ ብቅ አደረገና ያችኑ ቃል ተናገረ። ከፊቴ የቆሙ ነጠላ ያጣፉ አሮጊት፣ «ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁት። ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁም እየሳቀ፣ «እማማ፣ ሰው አይደለም እኮ፤ ማሽን ነው» አላቸው።

ልብ በሉ! በልጁ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ትልቅ የመዝገብ ደብተር ተዘርግቶ ነበር። እስክሪብቶም ነበረው። ማኅተሙም በቦታው፣ ሐኪሙም በክፍሉ ነበሩ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የካርድ ቁጥር። ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ቁጥር ከሌለ ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ ሐኪም የለም። መቶ ያህል የመጠባበቂያ ቁጥሮች አስቀድመው በወረቀት ታትመው መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ፣ መሥመሩ ሲመለስም ወደ ማሽኑ ቢገለበጡ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሕመምተኛ እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ባልቆመ ነበር። መሳቢያ! የጠየቅነው ሮኬት አይደለም፤ መሳቢያ ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ፕሮግራሙን የጻፈውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ ብትጠይቁት፣ «እኔ የተባልኩትን ሠርቻለሁ፤ ኮዱ አንድም ስሕተት የለበትም» ይላችኋል። እውነቱን ነው። አስተዳዳሪውን፣ የማኔጅመንት ምሩቁን ብትጠይቁት ደግሞ፣ «እሱ የአይቲ ጉዳይ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ይላችኋል። እሱም እውነቱን ነው፤ እንዲያ ተብሎ ነው የተማረው። ሁለቱም ንጹሓን ናቸው፤ እማማ ግን ፀሐይ ላይ ናቸው። ችግሩ የተደበቀው በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ባለችው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቋ ደግሞ ዲን የላትም፤ በጀት የላትም፤ ፈተናም የላትም።

የኔ ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ያችን ስንጥቅ የሚያጠና፣ ኢንፎርማቲክስንና የሥራ አመራር ምህንድስናን አዋሕዶ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ያስፈልገናል። ነገር ግን እውነተኛ ጣምራ እንጂ በስቴፕለር የተያያዘ ጣምራ አይደለም። ይህን በማለቴ ከሁለት ወገን ጠላት እንደማፈራ አውቃለሁ። ይሁን!

የመጀመሪያዎቹን ጠላቶቼን የአጥር ዘበኞች እላቸዋለሁ። እነዚህ መምህራን የየዲፓርትመንታቸውን ድንበር እንደ ርስት ይጠብቃሉ። «ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም፤ ጣምራ ትምህርት ግማሽ መሐንዲስና ግማሽ አስተዳዳሪ ያወጣል» ይሉናል። ተረቱ ጥሩ ተረት ነው። ነገር ግን እኛም ተረት አናጣም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚልም አለን። ተረት በተረት ስንመላለስ እንዳንውል ታሪክ ይፍረደን። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930ዎቹ መጨረሻ እንግሊዞች የጠላት አውሮፕላን ከሩቅ የሚያይ ራዳር ሠሩ። መሣሪያው በሚገባ ይሠራ ነበር። በ1938 በተደረገው ልምምድ ግን ከየጣቢያው የሚመጣው መረጃ እርስ በርሱ ስለተጋጨ አዛዦቹ ግራ ተጋቡ። ማሽን ነበረ፤ ሲስተም አልነበረም ማለት ነው። መረጃው ከመሣሪያው ተነሥቶ፣ በሰው እጅ አልፎ፣ ከውሳኔ ላይ እስኪደርስ ያለውን መንገድ የሚያጠና ሙያ የተወለደው ያኔ ነው፤ ስሙንም የአሠራር ምርምር አሉት። በ1940 ፓትሪክ ብላኬት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በፀረ አውሮፕላን መድፍ አዛዦች ዘንድ አሥራ አንድ ሰዎች ሰበሰበ። ሦስቱ የፊዚዮሎጂ ሰዎች ነበሩ፤ የቀሩት የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች፣ አንድ የከዋክብት ፊዚክስ ሊቅ፣ አንድ ቀያሽና አንድ መኮንን ናቸው። «የብላኬት ሰርከስ» እያሉ ተሳለቁባቸው። ሰርከሱ ግን በሥራው አስመሰከረ፦ አንድ አውሮፕላን ለመጣል ከ20,000 በላይ ጥይት ይፈጅ የነበረው በ1941 ወደ 4,000 ገደማ ወረደ። መድፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ወደ ሌኒንግራድ እንሻገር። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የጠራ የሒሳብ ሰው ነበር። የኮምፔርሳቶ ፋብሪካ ሰዎች፣ «ያሉንን ማሽኖች ለየትኛው እንጨት ብንመድባቸው ብዙ እናመርታለን?» ብለው ጠየቁት። የአጥር ዘበኛ ቢሆን «የኔ ሙያ አይደለም» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ አሰበበት። በ1939 ባሳተመው ጥናት ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የምንለውን ስልት አስገኘ፤ በ1975ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ከእንጨት ሽርፍራፊ ይህ ሁሉ ወጣ!

ኸርበርት ሳይመንስ? የዶክትሬት ትምህርቱ በፖለቲካ ሳይንስ ነው፤ ያጠናውም በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰዎች ውሳኔ የሚሰጡበትን መንገድ ነው። በ1949 አሜሪካ ውስጥ ካርኔጊ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም አዲስ ወደተከፈተ የኢንዱስትሪ አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሆኖ ከአለን ኒውዌል ጋር ከመጀመሪያዎቹ «አሳቢ» ፕሮግራሞች አንዱን ሠራ። በ1975 የኮምፒዩተር ሳይንስ ታላቁን የቱሪንግ ሽልማት፣ በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ወሰደ። ዛሬ ዓለምን የሚያምሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከአመራር ትምህርት ቤት ደጃፍ ተነሥቶ ሲሄድ የአጥር ዘበኞቻችን የት ነበሩ?

አንድ ልጨምር። ጄይ ፎሬስተር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በኤም አይ ቲ ዊርልዊንድ የተባለውን ኮምፒዩተር የሠራ ሰው ነው። በ1956 ማሽኑን ትቶ ወደዚያው ተቋም የማኔጅመንት ትምህርት ቤት ተዛወረ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች፣ «ፋብሪካችን አንድ ጊዜ ሠራተኛ ይጎድለዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግማሹን እንበትናለን፤ የገበያው ነገር ይሆን?» ብለው አማከሩት። እሱ በእርሳስና በወረቀት እያሰላ የቅጥራቸውንና የዕቃ ክምችታቸውን ደንብ ተከተለ። የተገኘው መልስ የሚያሳፍር ነው፦ ገበያው ጸጥ ቢል እንኳ ደንቡ ራሱ ማዕበሉን ይፈጥር ነበር። ሠራተኛውን ያባረረው ገበያ ሳይሆን ማንም መርምሮት የማያውቅ የቢሮ ደንብ ኖሯል!

የአጥር ዘበኞቹ አንድ እውነት ግን አላቸው፤ አልክደውም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በቅድሚያ አንዱን ጉድጓድ እስከ ውሃው ቆፍረዋል። እኔም ጣምራው በድኅረ ምረቃ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ፍሬሽማንን ሁለት ሙያ አናሸክመው። በመጀመሪያ ዲግሪው አንዱን ይያዝ፤ ሥራ ይቅመስ፤ ከዚያ በኋላ አጥሩን ይዝለል።

አጥሩ ካልተዘለለ ምን ይመጣል? ዋጋውን ከእንግሊዝ ፖስታ ቤት እንማር። ከ1999 ጀምሮ የፉጂትሱ ኩባንያ ያቀረበው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ ገባ። ማሽኑ ያልጠፋውን ገንዘብ ጠፍቷል ይል ጀመር። የየመንደሩ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች «አልወሰድንም!» ብለው ቢጮኹ የሰማቸው አልነበረም፤ የአገሩም ሕግ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ኮምፒዩተር በትክክል እንደሠራ ይገምታል። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰረ አለ፤ ቤቱን የሸጠ አለ፤ ራሱን ያጠፋም አለ። በ2019 ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስሕተት እንደነበረበት አረጋገጠ፤ በ2024 ፓርላማው ፍርዱን በሕግ ሻረ። ጉድለት መኖሩን የሚያውቁ ቴክኒሻኖች በኩባንያው ነበሩ። ግን የሚያውቁት አይወስኑም፤ የሚወስኑት አያውቁም። በመካከሉ መንደርተኛው ወኅኒ ወረደ።

ይህን የፈረንጅ ጉድ ነው ብለን እንዳናልፍ መጋቢት 2016 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በ6 ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረው ችግር ሰው ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጣ አደረ፤ ወሬው በየዶርሙ ተዳረሰ፤ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። በየግቢው ገንዘብ መልሱ የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ከመካከላችን ስንቱ አንገቱን እንደደፋ እናውቃለን። በሌሊቱ ስለቀለድን የሚገባውን ጥያቄ ሳንጠይቅ አለፍን፦ ሲስተም ሲነካካ በሌሊት የሚጠብቅ ማን ነው? «አቁሙ!» ለማለት ሥልጣን ያለውስ ማን ነው? ይህ የኮድ ጥያቄ ነው ወይስ የአመራር? ሁለቱንም ነው፤ ስለዚህም በየትኛውም ፈተናችን ላይ አይመጣም።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ ጠላቶቼ ልዙር። እነዚህ ጣምራን ይወዳሉ፤ አወዳደዳቸው ግን እንደ ነጋዴ ነው። ከአንዱ ዲፓርትመንት አምስት ኮርስ፣ ከሌላው አምስት ኮርስ ይቆነጥሩና በስቴፕለር አያይዘው ረጅም ስም ይሰጡታል። ዳታቤዝ የሚያስተምረው መምህር የፕሮጀክት አመራር የሚያስተምረውን በሰላምታ እንኳ አያውቀውም። ተማሪው ሰኞ ጠዋት ኮድ ይጽፋል፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለ አመራር ስልቶች በስላይድ ይነበብለታል። ሁለቱ የሚገናኙት በትራንስክሪፕቱ ላይ ብቻ ነው። ይህ ጋብቻ አይደለም፤ በአንድ ታክሲ መሳፈር ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉንስ አይታችኋል? በአንድ ወገን፣ «የእከሌ ነገር በእከሌ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርእስ ይወጣል፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሣጥን ያለው መጠይቅ ይበተናል፤ የሰለቸው ሠራተኛ ሳያነብ ምልክት ያደርጋል፤ ኮምፒዩተሩ ያባዛዋል፤ ተማሪው ጋውን ይለብሳል። በሌላው ወገን፣ ትክክለኛነቱ መቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፕሮግራም ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ የከፈተው ሰው የለም። ሁለቱም በላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አቧራ ይጠጣሉ። እዚያም እንኳ አይነጋገሩም!

እንዲያ ከሆነ እውነተኛ ጣምራ ምን ይመስላል? በቺሊ የተሞከረውን ላንሣ፤ ከክብሩም ከጉድለቱም ትምህርት አለውና። በ1971 የአየንዴ መንግሥት ብዙ ፋብሪካዎችን ወርሶ እንዴት እንደሚያስተዳድራቸው ተጨንቆ ነበር። የ28 ዓመቱ መሐንዲስ ፈርናንዶ ፍሎሬስ ስታፎርድ ቢር ለተባለው እንግሊዛዊ የሥራ አመራር ሊቅ ደብዳቤ ጻፈለት። ሳይበርሲን የተባለው ሥራ እንዲህ ተጀመረ። የነበራቸው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። የቀረውን በቴሌክስ ሠሩት፤ ፋብሪካዎቹ የዕለት ምርታቸውን በቴሌክስ ይልካሉ፤ ሳንቲያጎ ያለው ማሽን ያልተለመደ ነገር ሲያይ ያስጠነቅቃል። በጥቅምት 1972 የጭነት መኪና ባለቤቶች አድማ አገሪቱን ሲያንቁ፣ መንግሥት በቀሩት ጥቂት መኪናዎች ምግብና ነዳጅ ለማዳረስ የረዳው ይኸው የቴሌክስ መሥመር ነው። ድሆች ነን፣ መሣሪያ የለንም ለሚሉን መልሱ ይህ ነው! ያላቸውን ቆጠሩ፣ ያላቸውን አገናኙ።

ነገር ግን ሂስ ካለ በሁሉም ላይ ይሁን። ሳይበርሲን ሠራተኛውን አሳታፊ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን ንድፉን የሠሩት በአብዛኛው መሐንዲሶችና ባለሥልጣኖች ናቸው። ሰባት ወንበር ያላት ያማረች የመቆጣጠሪያ ክፍል ተሠራች፤ ሥራዋን በወጉ ሳትጀምር መስከረም 11 ቀን 1973 መፈንቅለ መንግሥቱ መጣና ሁሉም ቆመ። ለኛ ያለው ትምህርት ይህ ነው፦ ሁለት ሙያ ማጣመር በቂ አይደለም፤ ሦስተኛው ባለሙያ መስኮቱ ዘንድ የሚቀመጠው ሰው ነው። እሱ ያልገባበት ጣምራ ሁለት አለቃ መጨመር ብቻ ይሆናል።

አገራችንም ከባዶ አትነሣም። በ1990 አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ውስጥ፣ በዩኔስኮና በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በማስተርስ ደረጃ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ቤት ተማሪዎች መካከል የአማርኛን ፊደል ማሽን እንዲያነብ ለማድረግ የደከሙ ነበሩ፤ ያኔ የውጭ ኩባንያ ለፊደላችን ደንታ አልነበረውም። እነዚያ ሰዎች የራሳቸውን ሕዝብ ችግር አንሥተው ሙያን ወደ ችግሩ ወሰዱ እንጂ፣ ችግሩን እየቆራረጡ ለየሙያው አላከፋፈሉም። መንገዱ ተጀምሮ ነበር፤ የኛ ድርሻ መቀጠል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ትምህርቱ በሰልፍ ይጀመር። ተማሪው ኮምፒዩተር ከመንካቱ በፊት ሁለት ሳምንት ከአንድ መስኮት በስተውጭ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከመስኮቱ በስተውስጥ ይቀመጥ። አንድ ወረቀት በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚያድር፣ ማን ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚጽፈው ይቁጠር።

ሁለተኛ፣ ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ችግር ላይ ያስተምሩ፤ በተማሪ ፊትም ይከራከሩ። ፈተናውም አንድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ ሲመዘን የሚሠራበት ሰው፣ የካርድ ክፍሉ ልጅ፣ የመጋዘኑ ጸሐፊ፣ ከገምጋሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ድምፅ ይኑረው። ዶክተሮቹ «ግሩም ነው» ብለው እሱ «እኔ ዘንድ አይሠራም» ካለ ጽሑፉ ይመለስ።

አራተኛ፣ የከሸፈ ሥራ እንዳይደበቅ። ለምን እንደከሸፈ በሐቅ የጻፈ ተማሪ ተሳክቶለታል ከሚባል ውሸታም ይልቅ ይከበር። ውድቀታችንን በመዝገብ ካልያዝነው ለተተኪው የምናወርሰው ሰልፉን ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ሲስተሙ የሚናገረው የሕዝቡን ቋንቋ ይሁን። አማርኛ ይሁን፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ፣ ባለጉዳዩ የማያነበው ስክሪን የተዘጋ መስኮት ነው። እዚህ ላይ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ተመልካች ሳንሆን ተጠሪ ነን።

ግለ ሂስም ያስፈልጋል። ጣምራ ትምህርት ሲባል ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምናስበው ደመወዙን ነው። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም እያልን ሁለት ዲግሪ እንደ መሸሸጊያ እንፈልጋለን። በዚያ ስሜት የገባ ተማሪ የወጣ ዕለት ሌላ የአጥር ዘበኛ ይሆናል፤ አጥሩ ትንሽ ሰፋ ከማለቱ በቀር ለውጥ የለም። መምህራኑን ስንወቅስ ራሳችንንም እንጠይቅ፦ ባለፈው ሴሚስተር ከሌላ ፋኩልቲ ተማሪ ጋር ስለ አንድ ችግር ቁጭ ብሎ የተወያየ ስንቱ ነው? ካፊቴሪያ ውስጥ እንኳ ጠረጴዛችን በዲፓርትመንት የተከፋፈለ ነው እኮ!

ያን ቀን ሰልፉ ላይ በእማማ ጥያቄ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። አሁን አፍሬበታለሁ። ልጁ «ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው» ሲላቸው የተሳሳተው እሱ ነው፤ እሳቸው ልክ ነበሩ። ሲስተም ማለት መዝገቡ፣ መሳቢያው፣ ደንቡ፣ ማሽኑ፣ ልጁና እሳቸው ራሳቸው አንድ ላይ ናቸው። ማሽኑ ሲጠፋ ሌሎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ እንዲያያዙ አድርጎ ያሰናዳቸው ግን አልነበረም። እንግዲህ «ሲስተም የለም» የምትለው ቃል ውሸት አይደለችም። የጎደለንን ነገር በትክክል ትናገራለች።

የማይስማማ ካለ፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እመልስለታለሁ። የሚስማማ ካለ ግን ከመጻፉ በፊት ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዱ መስኮት ፊት ይሰለፍ፤ ደብተሩንም ይያዝ።